ስለ ቦዝ አንቀጽና ስለ እንግሊዝኛ ግሥ አገባብ
ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋ የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

1ኛ፤ ስለ ትምህርቱ ጥቅም

የንግግር ሁሉ ኀይሉ በግሡ ነው። ስም ያለ ግሥ ቢደረደር የተከመረ ድንጋይ እንጂ ቤት አይባልም። ስለዚህ በቅኔ ቤት ያለፉ ሊቃውንት ደቀ መዝሙሩን ከቅኔው ጋራ ግሥ ያስጠኑታል፤ ቀተለ ቀደሰ እያለ ስምንቱን የግሥ አርእስት በቃሉ ይይዛል፤ እያንዳንዱንም ከኀላፊው ወደ ትንቢቱ፣ ከትእዛዙ ወደ አርእስቱ፣ ከአርእስቱም ወደ ቦዙ እያረባ ይወርዳል። ይህን የለመደ ሰው የሌላውን አገር ቋንቋ ሲማር እንግዳ አይሆንም፤ መንገዱን ያውቀዋልና።

የግሥ አገባብ ለአገርም ምን ያህል ክብደት እንዳለው የውጫሌ ውል ምስክር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ውስጥ በምትገኘው በውጫሌ በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ፤ በአማርኛና በኢጣልያንኛም ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ግልባጭ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገር ነበር። የኢጣልያንኛው ግን በዚሁ ስፍራ ንጉሠ ነገሥቱ ተስማምተዋል የሚል ግሥ አኖረ። መቻል ፈቃድ ነው፤ መስማማት ግን ግዴታ ነው። ኢጣልያም በዚህ ግሥ ተደግፋ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። አፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ተቈረጠ። ዋግሹም ጓንጉልም የዋግን ሰው ይዘው ከዘመቱት መኳንንት አንዱ ነበሩ። የጦርነቱ ሥር ቅኝ ግዛት የመያዝ ምኞት እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ምኞቱ መግቢያ በር ያገኘው በአንድ ግሥ ነው።

ዛሬም ቢሆን የእንግሊዝኛ ግሥ ጉዳይ ከገጠሩ ሰው ደጅ የራቀ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። የመድኃኒት መመሪያ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። ስለዚህ መምህሩ ግሡን ቢያሳስት ተማሪው ፈተናውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ የሚበልጠውን ነገር ሊያጣ ይችላል።

2ኛ፤ ተማሪው ይዟቸው ስለሚመጣ ቋንቋዎች

በሰቆጣ፣ በዝቋላ፣ በአበርገሌ፣ በደሃና፣ በጋዝጊብላና በሰሃላ የሚኖር ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ኽምጣንጋን፣ ሁለተኛው አማርኛን፣ ብዙውም ሁለቱን ይዞ ይመጣል። ኽምጣንጋ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን ወንድሞቹ አዊኛ፣ ቅማንትኛና በኤርትራ በከረን አካባቢ የሚነገረው ብሊን ናቸው። እነዚህ ከኩሽ ወገን ናቸው፤ አማርኛ ግን ከግዕዝ ጋራ ከሴም ወገን ነው። ይሁን እንጂ አማርኛና የአገው ቋንቋዎች ለብዙ ዘመን ጎረቤት ሆነው ስለ ኖሩ የንግግራቸው አሠራር እጅግ ተቀራረበ። በሁለቱም ማሰሪያው ግሥ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል። በሁለቱም ብዙ ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲቈጠር የፊተኞቹ ግሦች ሳያስሩ ይከተላሉ፤ የመጨረሻው ብቻ ያስራል።

እንግሊዝኛ ግን ማሰሪያውን ከባለቤቱ ቀጥሎ ያኖረዋል። አማርኛ «ገበሬው እርሻውን አረሰ» ሲል እንግሊዝኛ «ዘ ፋርመር ፕላውድ ሂዝ ፊልድ» ይላል፤ ይኸውም ገበሬው አረሰ እርሻውን እንደ ማለት ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደናገጥም፤ በግዕዝም ግሡ ብዙ ጊዜ ከተሳቢው ይቀድማልና።

3ኛ፤ ቦዝ አንቀጽ ምን እንደ ሆነ

«ጻፈ» ከሚለው ግሥ «ጽፎ» የሚል ይወጣል። ይህ ቦዝ አንቀጽ ይባላል፤ ብቻውን ንግግርን ማሰር አይችልምና። «ተማሪው ደብዳቤውን ጽፎ» ተብሎ ቢቆም ሰሚው «ከዚያ ወዲያስ ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቃል። «ጽፎ ላከ» ሲባል ግን ነገሩ ይታሰራል።

የአማርኛ ቦዝ ባለቤቱን በራሱ ላይ ይሸከማል። ጽፌ፣ ጽፈህ፣ ጽፈሽ፣ ጽፎ፣ ጽፋ፣ ጽፈን፣ ጽፋችሁ፣ ጽፈው ሲባል ማን እንደ ጻፈ ከግሡ መጨረሻ ይታወቃል። ይህን ነገር መምህሩ ልብ ብሎ ይያዝ፤ ከዚህ በታች የሚመጣው ስሕተት አብዛኛው ከዚህ የሚነሣ ነውና።

ከ«ጻፈ» ደግሞ «መጻፍ» የሚል ይወጣል። ይህ አርእስት ነው። ሥራውን በስም ይጠራዋል እንጂ ማን እንደ ሠራውና መቼ እንደ ተሠራ አይናገርም። «መጻፍ ያደክማል» ሲባል «መጻፍ» እንደ ማናቸውም ስም የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ይቆማል።

4ኛ፤ በ«ኢንግ» ስለሚጨርስ የእንግሊዝኛ ግሥ

የእንግሊዝኛ ግሥ ርባታው ከግዕዝና ከአማርኛ ይልቅ አጭር ነው። ከአምስት መልክ አይበልጥም፤ መልኩን የሚለውጠው «ቢ» ብቻ ከዚህ ይወጣል። ለምሳሌ ለመጻፍ፦ ራይት፣ ራይትስ፣ ሮት፣ ሪተን፣ ራይቲንግ። መልኩ ጥቂት ስለ ሆነ አንዱ መልክ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ይልቁንም በ«ኢንግ» የሚጨርሰው አራት ሥራ አለው።

አንደኛ፤ ስም ይሆናል። «ራይቲንግ ኢዝ ሃርድ» ማለት መጻፍ ከባድ ነው ማለት ነው። እንግሊዞች ጀረንድ የሚሉት ይህን ነው።

ሁለተኛ፤ ቅጽል ይሆናል። «ኤ ስሊፒንግ ቻይልድ» ማለት የተኛ ሕፃን ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ «ቢ» ከሚባለው ረዳት ግሥ ጋራ ሆኖ ያላለቀ ሥራን ይናገራል። «ሺ ኢዝ ራይቲንግ» ማለት እየጻፈች ነው ማለት ነው።

አራተኛ፤ እንደ ቦዝ ሆኖ ወደ ሌላ ግሥ ይጠጋል። «ኦፕኒንግ ዘ ዶር፣ ሂ ዌንት ኢን» ማለት በሩን ከፍቶ ገባ ማለት ነው።

አንድ መልክ እንዲህ ያለ ልዩ ልዩ ሥራ የያዘበት ምክንያት አለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ስም የሚሆነው በ«ኡንግ» ወይም በ«ኢንግ»፣ ቅጽል የሚሆነው ደግሞ በ«ኤንደ» ይጨርስ ነበር፤ ሁለቱ የተለያዩ ነበሩ። በመካከለኛው ዘመን ድምፃቸው እየተቀራረበ ሄዶ በመጨረሻ በአንድ «ኢንግ» ተጠቃለሉ። እንግዲህ መልኩ አንድ ቢሆንም ትውልዱ ሁለት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

5ኛ፤ ስሙ እንዳያሳስት

በዚህ ስፍራ ብዙ መምህር የሚሰናከልበት ነገር አለ። የአውሮፓ ሊቃውንት የላቲን ሰዋስው የተማሩ ስለ ነበሩ የኢትዮጵያን ቋንቋ ሲመረምሩ የላቲኑን ስም አመጡበት። «ጽፎ» የሚለውን ብዙዎቹ ጀረንድ ብለው ጠሩት፤ ማርሴል ኮኸን በ1936 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው የአማርኛ ሰዋስው፣ ቮልፍ ሌስላውም በ1995 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ እንዲሁ አደረጉ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰው «ጀረንድ ማለት ቦዝ አንቀጽ ነው» ብሎ ለተማሪ ይነግራል።

ይህ ለእንግሊዝኛ ትምህርት አይሠራም። የእንግሊዝኛው ጀረንድ ስም የሆነው ግሥ ነው፤ በአማርኛ ትክክለኛ አቻው አርእስቱ «መጻፍ» ነው እንጂ ቦዙ «ጽፎ» አይደለም። ስለዚህ ተማሪው «ራይቲንግ ኢዝ ሃርድ» የሚለውን ሲተረጕም «ጽፎ ከባድ ነው» እንዳይል መምህሩ አስቀድሞ ይህን ያስተካክል። መለያውም ቀላል ነው፤ «ኢንግ» ባለው ቃል ስፍራ «መ» ያለበትን አርእስት አስገብቶ ማየት ነው። ነገሩ ቢቀና ጀረንድ ነው፤ ባይቀና ከቀሩት ከሦስቱ አንዱ ነው።

አርእስቱ በአማርኛ የባለቤቱን ዝርዝር እንደሚቀበል ጀረንዱም በእንግሊዝኛ ይቀበላል። «መምጣቱ ደስ አሰኘን» ለማለት «ሂዝ ካሚንግ ፕሊዝድ አስ» ይባላል። «ሂዝ» የሚለው «የእርሱ» ማለት ስለ ሆነ ከ«መምጣቱ» ጋራ በትክክል ይገጥማል።

6ኛ፤ የቦዙ ባለቤት ማን እንደ ሆነ

ከላይ እንደ ተነገረ የአማርኛ ቦዝ ባለቤቱን በራሱ ይሸከማል። ስለዚህ የቦዙ ባለቤት ከማሰሪያው ባለቤት ቢለይ አማርኛ አይቸገርም። «ፀሐይ ጠልቃ ቤታችን ገባን» ቢባል የጠለቀችው ፀሐይ፣ የገባነውም እኛ መሆናችን ግልጽ ነው።

እንግሊዝኛው «ኢንግ» ግን እኔ፣ አንተ፣ እርሷ የሚል ምልክት የለውም። ምልክት ስለሌለው የማሰሪያውን ባለቤት ይዋሳል። ተማሪው ከአማርኛው ቃል በቃል አውርዶ «ሴቲንግ፣ ዊ ዌንት ሆም» ቢል ሰሚው የጠለቅነው እኛው ነን ብሎ ይስቃል። ትክክለኛው «አፍተር ዘ ሰን ሃድ ሴት፣ ዊ ዌንት ሆም» ነው፤ ማለት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወደ ቤታችን ሄድን።

ሕጉም ይህ ነው። የሁለቱ ሥራ ባለቤት አንድ ሲሆን «ኢንግ» ይቻላል። ባለቤቱ ሲለይ ግን «አፍተር»፣ «ዌን» ወይም «ቢኮዝ» በሚሉት ቃላት አያይዞ ለእያንዳንዱ ግሥ ባለቤቱን ለይቶ መስጠት ይገባል።

ሁለተኛም ነገር አለ። የዋግ ገበሬ የዕለት ሥራውን ሲናገር «ማልዶ ተነሥቶ፣ በሬዎቹን ጠምዶ፣ እርሻውን አርሶ ወደ ቤቱ ተመለሰ» ይላል። ይህ በአማርኛ ያማረ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሦስቱን ቦዝ በሦስት «ኢንግ» መተካት ንግግሩን ያከብደዋል፤ የሥራውንም ተራ ያደበዝዘዋል። እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ በኀላፊ ግሥ ይቈጥርና በመጨረሻው ፊት «ኤንድ» ያገባል፦ «ሂ ጎት አፕ ኧርሊ፣ ዮክድ ሂዝ ኦክስን፣ ፕላውድ ሂዝ ፊልድ ኤንድ ዌንት ሆም»። እንግዲህ መምህሩ ተማሪውን «በአማርኛ ቦዝ የሆነው ሁሉ በእንግሊዝኛ ኢንግ አይሆንም፤ ተከታታይ ሥራ ሲቈጠር ኀላፊ ይሆናል» ብሎ ያስጠናው።

7ኛ፤ «ጽፏል»፣ «ጽፎ ነበር»፣ «ደክሞኛል» ስለሚሉት

«ጽፏል» የሚለው ቃል ሲፈታ «ጽፎ» እና «አል» ሆኖ ይገኛል። በውስጡ ቦዝ ስላለ ተማሪው «ሂ ሃዝ ራይቲንግ» ሊል ይቃጣዋል። ይህ ስሕተት ነው። ከ«ሃዝ»፣ ከ«ሃቭ» እና ከ«ሃድ» በኋላ የሚገባው «ሪተን» የሚለው መልክ ነው። «ጽፏል» ለማለት «ሂ ሃዝ ሪተን»፣ «ጽፎ ነበር» ለማለት «ሂ ሃድ ሪተን» ይባላል።

በዚህም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አማርኛ «ትናንት መጥቷል» ቢል አያስነቅፍም። እንግሊዝኛ ግን ያለፈው ጊዜ በስሙ ተጠርቶ ሲነገር «ሃዝ» አይቀበልም፤ «ሂ ካም የስተርዴይ» ማለት አለበት።

እንዲሁም አማርኛ «ደክሞኛል»፣ «ሰልችቶኛል» ሲል በቦዝ ይናገራል። ተማሪው በዚህ ተመርቶ «አይ አም ታየሪንግ» ቢል «እኔ ሰውን የማደክም ነኝ» ማለቱ ነው፤ «ደክሞኛል» ግን «አይ አም ታየርድ» ነው። ስለ መምህሩም «ዘ ቲቸር ኢዝ ቦርድ» ቢል መምህሩ ተሰላችቷል ማለት ሲሆን፣ «ዘ ቲቸር ኢዝ ቦሪንግ» ቢል ግን መምህሩ አሰልቺ ነው ብሎ ሰደበው ማለት ነው። ስለዚህ በ«ኢንግ» የጨረሰው ቅጽል የአድራጊ፣ በ«ኢድ» የጨረሰው የተደራጊ እንደ ሆነ ይታወቅ። ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ ከዓለት ተወቅሮ የተሠራውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝኛ ለመግለጽ የሚፈልግ ሰውም የተወቀረ ሲል «ካርቭድ» ይበል እንጂ «ካርቪንግ» አይበል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተወቀረ እንጂ አልወቀረምና።

8ኛ፤ «ቱ» ስለሚከተለው ግሥና «ኢንግ» ስለሚከተለው ግሥ

አማርኛ «መማር እፈልጋለሁ» እና «መማር ደስ ይለኛል» ሲል በሁለቱም «መማር» የሚለውን አርእስት ይይዛል። እንግሊዝኛ ግን ይለያል። ለፊተኛው «አይ ዋንት ቱ ለርን»፣ ለኋለኛው «አይ ኢንጆይ ለርኒንግ» ይላል። አማርኛው አንድ ስለ ሆነ ከአማርኛው ተነሥቶ ማወቅ አይቻልም፤ እያንዳንዱን ግሥ ከነተከታዩ ማጥናት ግድ ነው።

«ቱ» ከሚከተላቸው ግሦች ዋኖቹ እነዚህ ናቸው፦ ዋንት (ፈለገ)፣ ሆፕ (ተስፋ አደረገ)፣ ዲሳይድ (ቈረጠ)፣ ፕሮሚስ (ቃል ገባ)፣ አግሪ (ተስማማ)፣ ሪፊዩዝ (እንቢ አለ)፣ ማኔጅ (ቻለ)።

«ኢንግ» ከሚከተላቸው ዋኖቹ እነዚህ ናቸው፦ ኢንጆይ (ደስ ተሰኘበት)፣ ፊኒሽ (ጨረሰ)፣ አቮይድ (ራቀ)፣ ኪፕ (ሳያቋርጥ አደረገ)፣ ፕራክቲስ (ተለማመደ)፣ ሰጀስት (ሐሳብ አቀረበ)።

ለማስታወስ የሚረዳ አንድ ምልክት አለ። «ቱ» አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ይመለከታል፤ ገና ያልተሠራውን ሥራ ያሳያል። መፈለግ፣ ተስፋ ማድረግ፣ ቃል መግባት ሁሉም ወደ ፊት ናቸው። «ኢንግ» ግን የተሠራውን ወይም በመሠራት ላይ ያለውን ይመለከታል፤ የጨረሰ ሰው የጀመረውን ጨረሰ እንጂ ያልጀመረውን አልጨረሰም። ነገር ግን ይህ ምልክት እንጂ ሕግ አይደለም። «ማኔጅ» የተሠራውን ሥራ ቢናገርም «ቱ» ይከተለዋል፤ «ሰጀስት» ያልተሠራውን ቢናገርም «ኢንግ» ይከተለዋል።

ከመስተዋድድ በኋላ ግን የማይዛነፍ ሕግ አለ፤ ሁልጊዜ «ኢንግ» ነው። «ሳይበላ ሄደ» ለማለት «ሂ ዌንት ዊዝአውት ኢቲንግ»፣ «ከበላ በኋላ» ለማለት «አፍተር ኢቲንግ» ይባላል። በዚህ ረገድ ደብዳቤ ጸሐፊዎችን የሚያስተው «ቱ» ነው። በደብዳቤ መጨረሻ መልስዎን እጠባበቃለሁ ለማለት «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ይጻፋል፤ «ቱ ሂር» አይባልም። ይህ «ቱ» መስተዋድድ ነውና። መለያውም ይህ ነው፤ ከ«ቱ» በኋላ ስም አግብቶ ቢያስኬድ መስተዋድድ ነው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሌተር» ይባላልና መስተዋድድ መሆኑ ተረጋገጠ።

9ኛ፤ ተከታዩ ሲለወጥ ትርጓሜው ስለሚለወጥባቸው ግሦች

ጥቂት ግሦች ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ ትርጓሜያቸው ግን ይለያል። አደጋው ያለው በእነዚህ ነው።

«ሂ ስቶፕድ ቴኪንግ ሂዝ ሜዲሲን» ማለት መድኃኒቱን መውሰድ ተወ ማለት ነው። «ሂ ስቶፕድ ቱ ቴክ ሂዝ ሜዲሲን» ማለት ግን መድኃኒቱን ለመውሰድ ከሥራው ቆም አለ ማለት ነው። አንዱ መድኃኒቱን ትቶታል፤ ሁለተኛው ወስዶታል። የሳንባ ነቀርሳ የተለመደው ሕክምና 6 ወር የሚፈጅ ሲሆን፣ በሽተኛው በመካከሉ ቢያቋርጥ በሽታው ሊመለስና መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። እንግዲህ የበሽተኛውን ወረቀት የሚያነብ ሰው እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ቢያደባልቅ ምን ጕዳት እንደሚመጣ ማሰብ አያዳግትም።

«ሪሜምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ማለት በሩን መቈለፍ እንዳትረሳ ማለት ነው፤ በሩ ገና አልተቈለፈም። «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ማለት በሩን መቈለፌ ትዝ ይለኛል ማለት ነው፤ በሩ ተቈልፏል። «ፎርጌት» የሚለውም መንገዱ ይኸው ነው።

«ትራይ ቱ ኦፕን ዘ ቦክስ» ማለት ሣጥኑን ለመክፈት ታገል ማለት ነው፤ መክፈቱ ያስቸግራል። «ትራይ ኦፕኒንግ ዘ ቦክስ» ማለት ግን ሣጥኑን ከፍተህ እይ ማለት ነው። በዚህ ስፍራ የእንግሊዝኛው «ኢንግ» ከአማርኛው ቦዝ ጋራ በአንድነት ይሄዳል።

10ኛ፤ ባዶ ግሥ ስለሚከተላቸው ረዳቶች

ካን፣ ሜይ፣ መስት፣ ዊል፣ ሹድ የሚሉት ረዳት ግሦች «ቱ»ንም «ኢንግ»ንም አይቀበሉም፤ ባዶውን ግሥ ብቻ ይቀበላሉ። «መጻፍ ይችላል» ለማለት «ሂ ካን ራይት» ይባላል እንጂ «ካን ቱ ራይት» ወይም «ካን ራይትስ» አይባልም። «ዲድ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ያለፈውን ጊዜ ራሱ ስለ ተሸከመ ተከታዩ ግሥ ዳግመኛ አይሸከምም፤ «አልጻፈም» ለማለት «ሂ ዲድ ኖት ራይት» እንጂ «ዲድ ኖት ሮት» አይባልም። አንድ ሸክም ሁለት ሰው እንዲሸከመው አያስፈልግምና።

«እየጻፈ ነው» ለማለት ደግሞ «ኢዝ» የሚለው እንዳይረሳ። በአማርኛ «ነው» ከኋላ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ «ኢዝ» ከፊት ይቀመጣል። ብዙ ተማሪ «ሂ ራይቲንግ» ብሎ ያቆመዋል፤ ይህ ማሰሪያ የሌለው ንግግር ነው። በአማርኛ «እርሱ እየጻፈ» ብሎ እንደ መቆም ነው።

11ኛ፤ ስለ አጻጻፍ

«ኢንግ» በግሡ ላይ ሲጨመር ሦስት ነገር ይጠበቃል። በግሡ መጨረሻ ድምፅ የማይሰጥ የ«ኢ» ፊደል ቢኖር ይጣላል፤ ራይት ራይቲንግ፣ ቴክ ቴኪንግ ሲሆን እንደሚታየው። አንድ አጭር አናባቢና ከእርሱ ቀጥሎ አንድ ተነባቢ ብቻ ያለው አጭር ግሥ ቢሆን የመጨረሻው ፊደል ይደገማል፤ ራን ራኒንግ፣ ሲት ሲቲንግ፣ ስቶፕ ስቶፒንግ እንዲሉ። በ«አይ» እና በ«ኢ» ፊደል የሚጨርስ ቢሆን ሁለቱ ወደ «ዋይ» ይለወጣሉ፤ ዳይ ዳዪንግ፣ ላይ ላዪንግ (ዋሸ) እንደሚባለው።

12ኛ፤ ስለ አስተማማሪነት ዘዴ

መምህሩ ከእንግሊዝኛው አይጀምር፤ ተማሪው ከሚያውቀው ይጀምር። አስቀድሞ አንድ የአማርኛ ወይም የኽምጣንጋ ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ይጻፍና ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። አንደኛ፤ ማሰሪያው የትኛው ነው? ሁለተኛ፤ የእያንዳንዱ ሥራ ባለቤት ማን ነው? ሦስተኛ፤ ሥራው አልቋል ወይስ ገና ነው? ተማሪው እነዚህን ሦስት ከመለሰ በኋላ ብቻ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገር።

የግሡንም ርባታ እንደ ግዕዙ በቃል ያስጠና። በየቀኑ አምስት ግሥ ይበቃል፦ ጎ ዌንት ጎን ጎይንግ፤ ራይት ሮት ሪተን ራይቲንግ፤ ብሪንግ ብሮት ብሮት ብሪንጊንግ እያለ አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበል። መጽሐፍ በማይበቃበት ትምህርት ቤት ይህ ዘዴ ወጪ የለውም። በአካባቢው ያሉ የቅኔ መምህራንና ደብተሮች እንግሊዝኛ ባያውቁም ማሰሪያውን ከቦዙ፣ አርእስቱን ከቅጽሉ መለየትን ሊያስተምሩ ይችላሉና መምህሩ እነርሱን ጋብዞ ቢያናግር ተማሪው ይጠቀማል፤ የሽማግሌዎቹም ዕውቀት ይከበራል።

መልመጃ

ከሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች የተሳሳተውን ግሥ አስተካክሉ፤ ምክንያቱንም ተናገሩ።

1. ሂ ሃዝ ራይቲንግ ዘ ሌተር።
2. አይ ዋንት ለርኒንግ ኢንግሊሽ።
3. ሺ ፊኒሽድ ቱ ኩክ።
4. ሂ ካን ቱ ሪድ።
5. ዚ ዲድ ኖት ዌንት ቱ ሰቆጣ።
6. አይ አም ታየሪንግ፤ አይ ዎክድ ኦል ዴይ።
7. ሬኒንግ፣ ዘ ፋርመር ስቴይድ አት ሆም።
8. አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲ ዩ።

መልስ

1. ሃዝ ሪተን፤ ከ«ሃዝ» በኋላ «ኢንግ» አይገባምና። 2. ቱ ለርን፤ «ዋንት» «ቱ»ን ይሻልና። 3. ኩኪንግ፤ «ፊኒሽ» «ኢንግ»ን ይሻልና። 4. ካን ሪድ፤ ከረዳት በኋላ ባዶ ግሥ ነውና። 5. ዲድ ኖት ጎ፤ ጊዜውን «ዲድ» ተሸክሟልና። 6. ታየርድ፤ ተናጋሪው ደከመው እንጂ አላደከመምና። 7. ቢኮዝ ኢት ዎዝ ሬኒንግ፤ ገበሬው አልዘነበምና። 8. ቱ ሲዪንግ፤ «ቱ» በዚህ መስተዋድድ ነውና።

መደምደሚያ

የዋግ ልጅ ሁለት ቋንቋ ይዞ ሦስተኛውን ለመማር ሲነሣ ከአንድ ቋንቋ በቀር ከማያውቀው ልጅ ይልቅ ዕውቀቱ የሰፋ እንጂ የጐደለ አይደለም። የሚሳሳተውም አላዋቂ ስለ ሆነ አይደለም፤ የገዛ ቋንቋውን ሕግ በእንግሊዝኛው ላይ ስለሚጭን ነው። እንግዲህ መምህሩ ስሕተቱን ሲያገኝ ተማሪውን ከመገሠጽ አስቀድሞ ስሕተቱ ከየትኛው የአማርኛ ወይም የኽምጣንጋ ንግግር እንደ መጣ ይመርምር። ምንጩ ከታወቀ ማቃናቱ ቀላል ነው፤ ምንጩ ካልታወቀ ግን ዛሬ የተቃናው ነገ ተመልሶ ይጣመማል።